ቡችላዪቱና ፈተናዋ፤ ከሙንስተርላንድ ገጠር

አንባቢ ሆይ፤ ስለ ጀርመን አገር ሲወራ በዓይነ ኅሊናህ ቶሎ ብሎ የሚታይህ ፋብሪካ፣ አውቶሞቢልና የብረት ድልድይ ሳይሆን አይቀርም። ይህ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የአገሩ መልክ በዚህ ብቻ አያልቅም። ዛሬ የምወስድህ የጭስ ማውጫ ወደማይታይበት፣ ሰው ከጥንቸልና ከሚዳቋ ጋር ጎረቤት ሆኖ ወደሚኖርበት ሜዳ ነውና ጫማህን ለጭቃ አዘጋጅ።

መነሻችን ሙንስተር ከተማ ናት። በ1648 (ዓመታቱን ሁሉ የምነግርህ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) የሠላሳው ዓመት ጦርነት ያበቃበትን ሰላም ከተደራደሩባቸው ሁለት ከተሞች አንዷ ስለሆነች፣ በታሪክ ትምህርትህ ስሟን ሳትሰማ አትቀርም። ተማሪውም ሹሙም በብስክሌት የሚሄድባት ከተማ ናት። ከዚያ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ዋረንዶርፍ የሚሄደውን ትንሽ ባቡር ተሳፍረህ ብዙም ሳትቆይ በኤምስ ወንዝ ዳር ካለችው ከቴልግቴ ትደርሳለህ። ዋረንዶርፍ ድረስ ብትቀጥል በ1826 የተቋቋመውን የመንግሥት የፈረስ ማርቢያ ታያለህ፤ እሱ ግን ለሌላ ቀን ይቆየን።

አገሩ ጠፍጣፋ ነው። ከደጋ የመጣ ሰው ዓይኑ ተራራ ይፈልግና ያጣል። በተራራ ፈንታ የሚታየው የስንዴና የበቆሎ እርሻ፣ በእርሻው መካከል እንደ መስመር የተዘረጋ በአፈር ግድብ ላይ የበቀለ የቁጥቋጦ አጥር፣ ከአጥሩ ሥር ደግሞ ውሃ የተኛበት ቦይ ነው። ገበሬው በመንደር ተሰብስቦ አይኖርም። እያንዳንዱ ቤት ለብቻው፣ በቀይ ሸክላ ጡብ ተሠርቶ፣ በትልልቅ የባሉጥ ዛፎች ተከብቦ ይቆማል። ይኸው አጥርና ቦይ ለአራዊቱ መሸሸጊያ ነው። ጥንቸሉ በእርሻው ውስጥ፣ ፋዛን የሚሉት ረጅም ጅራት ያለው የዱር ዶሮ በቁጥቋጦው፣ ዳክዬው በኩሬው ያድራል። ቆቁ ግን ሰፊ እርሻና መድኃኒት ርጭት በዛበትና ከቀድሞው እጅግ አንሷል፤ ሽማግሌዎቹ ስለ ቆቅ ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል።

እኔ ከ2023 ሚያዝያ እስከ 2024 ጥቅምት በሙንስተር ለትምህርት ስቀመጥ፣ የኪራይ ክፍል ያገኘሁት ከቴልግቴ ወጣ ብሎ ባለ በአንድ የገበሬ ቤት ነበር። የቤቱ አባት ሰባ አምስት ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሽማግሌ ናቸው። ከእሳቸው ጋር የምትኖረው የልጃቸው ልጅ ያን ጊዜ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። በዚያ ቤት አንዲት ያረጀች ውሻ ነበረች፤ ጆሮዋ አይሰማም፣ የኋላ እግሯም መጎተት ጀምሯል። በሰኔ ወር አንዲት የስምንት ሳምንት ቡችላ መጣች፤ ይህ ጽሑፍም የሚነግርህ ስለ እሷ ነው።

መጀመሪያ ግን እንዲህ ያለው ውሻ ከየት እንደ መጣ ልንገርህ፤ ታሪኩ ከውሻ ይልቅ የሰው ነውና። ከ1848 አብዮት በፊት በአብዛኞቹ የጀርመን ግዛቶች አደን የመሳፍንትና የመኳንንት መብት ነበር። ገበሬው የጌታው አጋዘን አዝመራውን ሲበላበት እያየ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። መስፍኑ ለየሥራው ሌላ ሌላ ውሻ ነበረው፤ አንዱ ወፍ ያመለክታል፣ ሌላው አጋዘን ያባርራል፣ ሌላው የቆሰለ ይከተላል፣ አንዱ ደግሞ ውሃ ይገባል። ለነዚህም ሁሉ ቀላቢና ጠባቂ ይቀጥራል። ከ1848 በኋላ የአደን መብት ከመሬት ባለቤትነት ጋር ሲያያዝ ገበሬውም፣ መምህሩም፣ የደን ሠራተኛውም ጠብመንጃ ይዞ ሊወጣ ቻለ። ይሁንና አምስት ዓይነት ውሻ የሚቀልብበት ገንዘብ አልነበረውም። የሚችለው አንድ ውሻ ብቻ ነው። ስለዚህ ያ አንዱ ውሻ ሁሉን ማወቅ ግድ ሆነበት። ሁለገብ አዳኝ ውሻ የሚባለው በዚህ ምክንያት የተፈጠረ ነው።

ይህን ሐሳብ አጥብቀው ከሰበኩት ሰዎች አንዱ ሄገቫልት በሚል የብዕር ስም ይጽፉ የነበሩት ባሮን ሲጊስሙንድ ፎን ዜድሊትስ ኡንት ኖይኪርሽ ናቸው። ውሻ በመልኩ ሳይሆን በሥራው ይመዘን ይሉ ነበር። በ1899 ደግሞ የአዳኝ ውሾችን ፈተና የሚመራው የማኅበራት ኅብረት ተቋቋመ፤ እስከ ዛሬም አለ።

የኛይቱ ቡችላ ዘር ትልቁ ሙንስተርላንደር ይባላል። ረጅም ጠጕር ያለው፣ ጥቁርና ነጭ፣ ሲያድግ ቁመቱ ወደ 60 ሴንቲሜትር ግድም የሚሆን ውሻ ነው። አመጣጡም ያስቃል። በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የጀርመን ባለረጅም ጠጕር ውሻ ማኅበር ቡናማውን እንጂ ጥቁሩን አልቀበልም አለ። ከመዝገብ የተጣሉትን ጥቁርና ነጭ ቡችሎች የሙንስተርላንድ ገበሬዎች ወሰዷቸው፤ ውሻው ሥራውን ከሠራ የጠጕሩ ቀለም ምን ሊያደርግላቸው! በ1919 ሃልተርን በምትባል ከተማ የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። የተናቀው ቡችላ የአገሩ መጠሪያ ሆነ ማለት ነው። ትንሹ ሙንስተርላንደር የሚባል ቡናማና ነጭ ዘመድም አለው፤ የእሱ ማኅበር የተመሠረተው ግን ቀደም ብሎ በ1912 በኦስናብሩክ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ቡችላዪቱ ቢርካ ትባላለች። በዚያ አገር ከአንድ እናት በአንድ ጊዜ የተወለዱ ቡችሎች ሁሉ ስማቸው በአንድ ፊደል ይጀምራል፤ የአርቢው የመጀመሪያ ውላጆች በ«ኤ»፣ ሁለተኞቹ በ«ቢ»፣ እንዲህ እያለ በፊደል ተራ ይሄዳል። ስሟን ሰምተህ የአርቢው ሁለተኛ ውላጅ መሆኗን ታውቃለህ።

ከትምህርቷ የመጀመሪያው ክፍል ትምህርት አይመስልም። ልጅቱ ምግቧን ስታቀርብላት ፊሽካ ትነፋለች፤ ቡችላዪቱም ፊሽካ ማለት ምግብ ነው ብላ ትመጣለች። ውሻ በበላበት ይጮኻል የምንለው በዚያም አገር ይሠራል፤ የሚያበላት እጅ አንድ ብቻ እንዲሆን ሽማግሌው አጥብቀው አዝዘው ነበር፤ እኔም አንድ ቍራሽ እንኳ እንድጥልላት አልተፈቀደልኝም። ከዚያ ከከብት ጨጓራ ቍራጭ በገመድ አስረው በሣሩ ላይ ይጎትታሉ፤ ቡችላዪቱ በሽታው ሄዳ ሥጋውን ታገኛለች። ሠላሳ ርምጃ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ስድሳ፣ ከዚያ መቶ፤ በየጊዜውም መታጠፊያ ይጨመርበታል። አፍንጫ የሰውነት ክፍል ብቻ አይደለም፤ ልክ እንደ እጅ ጽሕፈት የሚሠለጥን ነገር ነው።

አንድ ቀን ደግሞ ልጅቱ የፋዛን ክንፍ በዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ጫፍ አስራ በሜዳው ላይ ስታዞር አየሁ። ቢርካ ልትይዘው ትሮጣለች፣ አትደርስበትም። እንደገና ትሮጣለች፣ አሁንም አትደርስበትም። ከብዙ ሩጫ በኋላ ግን ክንፉ ሲቆም እሷም ቀጥ ብላ ቆመች። አንድ የፊት እግሯ ከመሬት ተነሥቶ፣ አንገቷ ተዘርግቶ፣ ጅራቷ እንደ በትር ቀጥ ብሎ፣ እስትንፋስም የላት። ያን ጊዜ የሦስት ወር ሕፃን ነበረች፤ ይህንም ያስተማራት ማንም አልነበረም። ከአያት ከቅድመ አያቷ የወረደ ነው። አዳኙ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ውሻው ወፉን አሽትቶ ቆሞ እስኪያመለክት ድረስ ሰውየው ደርሶ ይዘጋጃል። አሠልጣኙ የሚያስተምረው መቆምን ሳይሆን ሰው እስኪደርስ ድረስ መታገሥን ነው።

ትዕግሥት ያልሁህ ቃል በቀላሉ አይታይ። ፊሽካው ሁለት አፍ አለው፤ በአንደኛው ሲነፋ «ና» ማለት ነው፣ በሁለተኛው ሲንቀጠቀጥ ግን ውሻው የትም ይሁን የት ባለበት ይተኛል። ጥንቸል እያባረረም ቢሆን! ይህን ለማስተማር ወራት ይፈጃል። በቴልግቴ ዙሪያ የመኪና መንገዱ ብዙ ነውና ያን ድምፅ ያልሰማ ውሻ ብዙ ዕድሜ አይኖረውም።

ማንሣትና ማምጣትም አለ። «አፖርት» ሲባል ከእንጨት የተሠራውን ዘንግ ታነሣለች፣ መጥታ ከፊት ትቀመጣለች፣ «አውስ» እስክትባልም በአፏ ይዛ ትቆያለች። ነገሩ ሁሉ አያያዙ ላይ ነው። ጥርሷን አጥብቃ ብትነክስ ሥጋው ይበላሻል፤ አላልታ ብትይዝ ይወድቃል። ያገኘውን አውሬ በመንገድ መብላት የሚጀምር ውሻ አለ፤ በጕድጓድ ቀብሮ ምንም እንዳላየ መስሎ የሚመለስም አለ። አዳኞቹ ይህን ሁለተኛውን «መቃብር ቆፋሪ» ይሉታል። በታላቁ ፈተና ላይ ሁለቱም ይወድቃሉ።

የአዳኞቹን ቋንቋ ካነሣሁ አይቀር ጥቂት ልጨምርልህ፤ የቋንቋ መምህር ስለሆንሁ ይቅርታ አድርግልኝ። ከጥንት የመጣ የራሳቸው አነጋገር አላቸው። የጥንቸል ጆሮ «ማንኪያ» ነው፣ ጅራቷም «አበባ»። የሚዳቋ ዓይን «መብራት» ይባላል። ደም ደግሞ ደም አይባልም፤ «ላብ» ነው። እንግዳ ሰው በመካከላቸው «ደም» ቢል ሁሉም ፈገግ ብለው ያዩታል። ጠብመንጃ ለመያዝ የሚያበቃው ፈተና ራሱ ከባድ ስለሆነ «አረንጓዴው ማትሪክ» በሚሉት ስም ይጠራል፤ ስለ አራዊት፣ ስለ በሽታ፣ ስለ ሕግ፣ ስለ መሣሪያ፣ ስለ ውሻም ይጠየቅበታል። ልጅቱ በዐሥራ ስድስት ዓመቷ አልፋዋለች። ያን ጊዜ የሚሰጠው ፈቃድ የወጣት ነውና ዐሥራ ስምንት እስኪሞላት ድረስ ያለ አዋቂ ልትወጣ አይፈቀድላትም ነበር።

«ላብ» ያልሁህን ቃል በዓይኔ ያየሁት በዚያው በ2023 ክረምት ነው። የጎረቤት አዳኝ በምሽት አንድ ወንድ ሚዳቋ ተኩሶ አቆሰለና ጫካ ገባበት። በጨለማ አልተከተሉትም፤ የቆሰለ አውሬ ካልተሯሯጠ ቅርብ ቦታ ይተኛልና። ጎሕ ሲቀድ አሮጊቷን ውሻ በረጅም ገመድ አስረው ሽማግሌው ከኋላዋ ተከተሉ። ጆሮዋ ምንም አይሰማ፣ እግሯም ይጎተት፤ አፍንጫዋ ግን አልደከመም። ስድስት መቶ ርምጃ ያህል፣ ሁለት ጊዜ ስታ ሁለት ጊዜ ተመልሳ፣ በአንድ ቁጥቋጦ ሥር ሞቶ አገኘችው። ሽማግሌው ከባሉጥ ዛፍ ቅርንጫፍ ሰበሩ። አንዱን ቍራጭ በሚዳቋው አፍ ውስጥ አደረጉ፤ የመጨረሻ ጕርሻው ነው ይላሉ። ሌላውን ለተኳሹ ሰጡት። ተኳሹም ከዚያ ላይ ቈርሶ ለሽማግሌው መለሰ፤ እሳቸውም ከውሻዪቱ አንገት ቀበቶ ላይ ሰኩት። ማንም አልፎከረም፣ ማንም አልጮኸም። የእኛን አገር የግዳይ ፉከራ እየሰማሁ ላደግሁት ለእኔ ዝምታው እንግዳ ነበር። አዳኙ የሚመሰገነው በገደለው ብዛት ሳይሆን ቆስሎ የጠፋበት ነገር ባለመኖሩ እንደሆነ ሽማግሌው የነገሩኝ ያን ቀን ጧት ነው።

ከዚህ የተነሣ ውሻ ለእነሱ ጌጥ አይደለም። ሕጋቸው ራሱ ዳክዬና የመሳሰለውን ለማደን የሚወጣ ሰው ለሥራው ብቁ የሆነ ውሻ ይኑረው ይላል። የአደኑ ሥፍራ መሬትን የተከተለ ነው፤ ቢያንስ 75 ሄክታር የተያያዘ መሬት ያለው ሰው በራሱ መሬት ላይ መብት ይኖረዋል፤ ከዚያ ያነሰ ያላቸው ደግሞ መሬታቸውን አጋጥመው ያከራያሉ። የሽማግሌው ቤተሰብ እንዲህ ያለውን ሥፍራ ተከራይተው በኅዳር ወር ጎረቤቶቻቸውን እየጠሩ በኩሬው ላይ ዳክዬ ያድኑ ነበር። አሮጊቷ ውሻ ከእንግዲህ ቀዝቃዛ ውሃ አትገባም። እንግዲህ ሁሉም ነገር በቢርካ ላይ ወደቀ።

እስከ ታኅሣሥ ድረስ ነገሩ ሁሉ በደኅና ሄደ። በአውሮፓውያን አዲስ ዓመት ዋዜማ ሌሊት ግን፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ በየቤቱ ደጅ ርችት ይተኰሳል። ከመንገድ ማዶ የተተኰሰ አንድ ርችት በግቢያችን ላይ ፈነዳ። ቢርካ ያን ጊዜ ስምንት ወር ሆኗት ነበር። ከምድጃው ኋላ ገብታ እስኪነጋ አልወጣችም፤ ከዚያም በኋላ በር ሲመታ እንኳ ጅራቷን በእግሮቿ መካከል ትከት ጀመር።

አንባቢ ሆይ፤ የዚህን ክብደት ልብ በል። ተኩስ የሚፈራ ውሻ ቆቅ ቢያመለክት፣ ውሃ ቢገባ፣ በፊሽካ ቢተኛ፣ ምንም አይረባም። ፍርሃቱ የጠነከረ እንደሆነ ፈተናውን አያልፍም። ሽማግሌው ለልጅቱ፣ «እስከ ሚያዝያ ድረስ ጊዜ አለሽ። ካልሆነ ለከተማ ሰው እንሰጣታለን፤ ሜዳ ላይ የምትፈራን ውሻ ማስቸገር ኃጢአት ነው» አሏት። ልጅቱ አልመለሰችላቸውም። በማግሥቱ ግን ሁለት ጣውላ ይዛ መጣች።

የሠራችው ሥራ ይህ ነው። ቢርካ ምግቧን ስትበላ ታናሽ ወንድሟ ከእርሻው ማዶ፣ መቶ ሃምሳ ርምጃ ርቆ፣ ሁለቱን ጣውላ አንድ ጊዜ ያጋጫል። ቢርካ ቀና ብላ ካየችና መብላቷን ካቆመች፣ በሚቀጥለው ቀን እሱ ሃያ ርምጃ ይርቃል። መብላቷን ከቀጠለች ሦስት ቀን እዚያው ይቆይና ዐሥር ርምጃ ይቀርባል። ማባበል የለም፣ «አይዞሽ» ማለትም የለም። ልጅቱ እንዳስረዳችኝ፣ ሰው ውሻውን ሲያባብል ውሻው የሚሰማው «በእርግጥ የሚያስፈራ ነገር አለ» የሚል ነው። ስለዚህ ድምፁ ሲሰማ እሷ ሌላ ነገር እያየች ታፏጫለች። በጥር መጨረሻ መቶ ርምጃ ላይ ደረሱ። በየካቲት አጋማሽ፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ፣ ወደ መቶ አርባ ተመለሱ። በመጋቢት ሠላሳ ላይ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ጣውላው በጠብመንጃ ተተካና እንደገና ከሩቅ ተጀመረ። እኔ ከክፍሌ መስኮት ሆኜ ትምህርቴን እያጠናሁ ያንን «ቋ!» የሚል ድምፅ በየቀኑ እሰማ ነበር፤ የትምህርት ዘዴ ኮርስ የወሰድሁት በኮሌጅ ቢሆንም፣ በሥራ ላይ ሲውል ያየሁት በዚያ እርሻ ላይ ነው።

ፈተናው የተደረገው በ2024 ሚያዝያ፣ ውርጭ በሣሩ ላይ ባለበት ማለዳ ነው። የወጣት ውሾች ፈተና ይሉታል፤ ባለፈው ዓመት የተወለዱት የሚቀርቡበት ነው። በአንድ ቡድን አምስት ውሾችና ሦስት ዳኞች ነበሩ። ማየት የፈለገ ሰው አረንጓዴ ወይም ቡናማ ልብስ ለብሶ፣ ጫማውን ቦቲ አድርጎ፣ ከዳኞቹ ኋላ ድምፁን ሳያሰማ ይከተላል። እኔም እንዲሁ አደረግሁ፤ በአራት ሰዓት ውስጥ እግሬን የማውቀው በብርዱ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ የጥንቸል ዱካ ነው። ሰዎቹ ተሰልፈው በእርሻው ላይ ሲሄዱ ጥንቸል ትነሣለች፤ ውሻዪቱ ግን እንዳታያት ትደረጋለች። ጥንቸሊቱ ከዓይን ስትሰወር ልጅቱ ቢርካን በገመድ ይዛ ከተነሣችበት ሥፍራ ታቀርባትና ጥቂት ሄዳ ትለቃታለች። ዓላማው ጥንቸሊቱን መያዝ አይደለም፤ ትይዛትም ዘንድ የማይቻል ነው። ዳኞቹ የሚያዩት ውሻዪቱ በዓይኗ ያላየችውን ነገር በአፍንጫዋ ብቻ ምን ያህል አጥብቃ እንደምትከተል፣ ስትስትም ራሷ ተመልሳ እንደምትፈልግ፣ ደግሞም በዱካው ላይ ድምፅ እንደምታሰማ ነው። ቢርካ እየጮኸች ሄደች። ቦዩ ዘንድ ደርሳ ዱካው ጠፋባት። ወዲያ ወዲህ ብላ፣ ውሃውን ዘልላ፣ ከማዶ አገኘችው። ከዚያ ርቃ ሄዳ ጩኸቷ ብቻ ይሰማን ነበር።

ቀጥሎ ተኩስ መጣ። ውሻዪቱ ሜዳ ላይ ስትፈልግ በጠብመንጃ ርቀት ሁለት ጊዜ ይተኰሳል፤ በሁለቱ መካከል ጥቂት ጊዜ ይሰጣል። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙ። የመጀመሪያው ጥይት ሲጮኽ ቢርካ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ዞራም ልጅቱን አየች። ልጅቱ እጆቿን በኪሷ ከትታ ወደ ፊት መራመዷን ቀጠለች፤ አላየቻትም፣ አልጠራቻትም። ያ ጊዜ ስንት ሴኮንድ እንደ ሆነ አልቆጠርሁም። ውሻዪቱ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ መልሳ ፍለጋዋን ቀጠለች። ሁለተኛው ሲተኰስ ራሷንም አላዞረችም።

ዳኞቹ ዘወር ብለው ተመካከሩ። ከዚያ ታላቁ ዳኛ በሰው ሁሉ ፊት ያዩትን ተናገሩ፤ ሥርዓቱ እንዲህ ነው፣ ፍርዱ ከምክንያቱ ጋር በግልጥ ይነገራል። ለተኩስ ጥቂት ስሜት አሳይታለች፣ ነገር ግን ሥራዋን አልተወችም፤ ስለዚህ ታልፋለች አሉ። ማርኩ እስከ 12 ነው። ለጥንቸል ዱካ 9፣ ለአፍንጫ 10፣ ለፍለጋ 9፣ ቆሞ ለማመልከት 8፣ ለታዛዥነትና ለትብብር 10 አገኘች። የዱካና የአፍንጫው በእጥፍ ስለሚታሰብ ድምሩ 65 ሆነ። በቡድኑ ሦስተኛ ነበረች። ሽማግሌው ለልጅቱ ያሏት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ስምንቱ የኔ ጥፋት ነው፤ ወፍ የለንም»። ቆቅ የሌለበት ሜዳ ላይ ውሻ ማመልከትን ከየት ይለምድ! ነገሩ እውነት ነበር።

በመስከረም መጨረሻ የተደረገውን የመጸው ፈተና በአጭሩ ልለፈው። ወፍ በሣር ላይ 150 ሜትር፣ ጥንቸል ደግሞ 300 ሜትር ይጎተታል፤ የጎተተው ሰው በመጨረሻው ይደበቃል፤ ውሻዪቱም ሄዳ ይዛ ትመለሳለች። ለቢርካ ይህ ጨዋታ ነበር። ኩሬው ዘንድ የሞተ ዳክዬ እሷ ሳታይ ሸንበቆ ውስጥ ተጣለ። ገብታ በጭንቅላቷ ሸንበቆውን እየገፋች ዙሪያውን ዋኝታ አገኘችው። በሜዳም በውሃም ላይ ተተኩሶ እንደገና ታየች፤ በዚህ ጊዜ ግን ዳኞቹ ለመመካከር እንኳ ዘወር አላሉም። ጥይቱ ከእርሳስ ሳይሆን ከብረት የተሠራ ነበር፤ ከ2023 የካቲት ወዲህ የአውሮፓ ኅብረት በውሃማ ሥፍራ የእርሳስ እርሳሶችን ከልክሏልና።

እኔ አገሬ ልገባ ሳምንት ሲቀረኝ ሽማግሌው ለኅዳሩ የዳክዬ አደን ለጎረቤቶቻቸው ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። ልጅቱም የውሻዪቱን የዳሌ ራጅ ለማስነሣት ቀጠሮ ይዛ ነበር፤ ዳሌዋ ደኅና ካልሆነ ለርቢ አትፈቀድምና። ደኅና ከሆነ ቡችሎች ይኖራሉ። የዚያ ቤት የውላጅ መዝገብ በቀድሞዎቹ ውሾች ኤ፣ ቢ፣ ሲ ስላለቀ የሚቀጥለው ፊደል «ዲ» ነው። እራት ላይ ለአንዱ ቡችላ የሚሆን የአገሬን ቃል ጠየቁኝ። «ዱካ» አልኋቸው። ትርጉሙን ስነግራቸው ሽማግሌው ቃሉን ደጋግመው በአፋቸው ሞከሩት፤ ከዚያም ለወንድ ነው ለሴት ብለው ጠየቁኝ። ለሁለቱም ይሆናል አልሁ። ልጅቱ ተነሥታ ከምድጃው በላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ጥግ ላይ ጻፈችው።